ፒካፔ ወደ ቀኝ ጋደል ብላለች፤ ሾክ ቀየርኩ፣ አልተስተካከለችም

የእነማይ ልጅ (ቢቸና)

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የድሮዋ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ናት። ኤል ኤን 106፣ ናፍጣ፣ ፎር ዊል። በፈረንጆቹ 1994 የተሠራች ናት። የአባቴ ነበረች፤ ዓይናቸው ሲደክም ለእኔ ሰጡኝ። ከቢቸና ወደ ደጀን ጤፍ አመላልስባታለሁ፤ ገጠር ገብቼ የምጭንበት መንገድ ግን ኮረኮንች ነው።

ከ3 ወር ወዲህ ወደ ቀኝ ጋደል ብላ ነው የምትቆመው። ባዶዋንም ሆነ ጭና ያው ናት። ከፊት ለፊት ሲያዩዋት የባሰ ነው። የቀኝ ፊት ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) ጎማው ላይ ሊቀመጥ የደረሰ ይመስላል።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። «የቀኝ ፊት ሾክ ሞቷል» አሉኝ። ሁለቱንም የፊት ሾክ ገዝቼ አስቀየርኩ። መንገጫገጩ ቀነሰልኝ፤ ጋደል ማለቷ ግን ንቅንቅ አላለም። ተመልሼ ስሄድ ደግሞ «እንግዲያው የቀኝ ፊት ባሌስትራ ነው፣ አንድ ብረት እንጨምርበት» አሉ፤ መኪናዋን የሚሸከመውን ተደራራቢ ብረት ማለታቸው ነው። ሁለተኛ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።

በሜትሮ ከመሬት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካሁ። ፊት ግራ 84 ሳንቲም፣ ፊት ቀኝ 79። ኋላ ግራ 88፣ ኋላ ቀኝ 85። ምን ትላላችሁ?

ሾፌር ዘበረሃ (ደጀን)

ወንድሜ፣ የቀኝ ፊት ባሌስትራህ ተሰብሯል። አትጠራጠር። የኔም አንድ ጊዜ አባይ በረሃ ስወርድ እንደዚሁ ሆና ነበር። ጎሃ ጽዮን ደርሼ ሳይ ዋናው ብረት ለሁለት ተከፍሏል። 5 ሳንቲም ልዩነት ቀልድ አይደለም፤ እንዲህ ሆነህ በረሃውን እንዳትወርድ።

ጎሚስታው (ዳንግላ)

ባሌስትራ ከማለታችን በፊት የጎማው ንፋስ ስንት ነው? አራቱንም ለካህ? ጎማዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው? እኔ ጋ «መኪናዬ ጋደለች» ብሎ መጥቶ በንፋስ ብቻ የተመለሰ ሰው ብዙ ነው። ሌላው ደግሞ በአንድ በኩል አዲስ፣ በሌላው በኩል የተላጨ ጎማ አድርጎ ይመጣል። ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም የተላጨው ያጥራል። ቸርኬው መሃል ካለው ነጥብ እስከ መሬት በአራቱም ለካና ጻፍልን።

አያ መፍቻ (ደብረ ማርቆስ)

ልጄ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሜትሮ ይዘህ መለካትህ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው እሱን አያደርግም። ግን የለካኸው ቦታ ሦስት ነገር ቀላቅሎ ነው የሚነግርህ። ጎማውንም፣ ባሌስትራውንም፣ የጋቢናውን አቀማመጥም በአንድ ቁጥር ነው የሚሰጥህ። መጀመሪያ እነሱን እንለያይ።

ከዚያ በፊት ስለ ሾኩ አንድ ቃል ልበል። ሾክ መኪና አይሸከምም። ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራው ነው። የሾክ ሥራ ባሌስትራው አንዴ ከተነቃነቀ በኋላ ደጋግሞ እንዳይዘል መያዝ ነው። ሾኩን ሙሉ በሙሉ ፈትተህ ብትጥለውም መኪናዋ በቆመችበት ቁመቷ ያው ነው። ጋዝ ያላቸው ትንሽ ይገፋሉ፤ የአንተን 5 ሳንቲም ግን አያመጡም። መንገጫገጩ ስለቀነሰልህ ያወጣኸው ገንዘብ ከንቱ አልሆነም፤ መልሱ ግን እሱ አልነበረም።

አሁን እንዲህ አድርግ። ደልዳላ ሲሚንቶ ፈልግ። የወፍጮ ቤት ወይም የእህል መጋዘን ወለል ይሆንሃል። የአራቱንም ጎማ ንፋስ እኩል አድርግ። ካሶኒው ላይ ያለውን ዕቃ አውርድ። 10 ሜትር ያህል ወደፊት ንዳት፣ ፍሬን ሳትረግጥ ቀስ ብላ ትቁም፤ ከዚያ የፊትና የኋላ መከላከያውን ተጭነህ ልቀቃት። ባሌስትራው ወደ ልኩ የሚመለሰው እንዲህ ስታደርግ ነው። ከዚያ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ። ጎማው እዚህ ልኬት ውስጥ አይገባም። ቀጥለህ ዞረህ፣ አፍንጫዋ ወደ ነበረበት ጅራቷን አድርገህ አቁማትና ድገም። ቁጥሩ ከተለወጠ መሬቱ ጠማማ ነው።

በመጨረሻ ከመሬት እስከ ሻንሲው (ጋቢናውና ካሶኒው የተቀመጡበት ዋናው ብረት) የታችኛው ጠርዝ ለካ። ከፊት ጎማ ትንሽ ኋላ፣ ከኋላ ጎማ ትንሽ ፊት። በግራና በቀኝ ያው ቦታ ይሁን፤ በጠመኔ ምልክት አድርግ። ፓራፋንጎ ሊጣመም ይችላል፣ ጋቢና ከሥሩ ባለው የላስቲክ ትራስ፣ ጎሚኒው ላይ ሊጋደል ይችላል። ሻንሲውን ካየን ግን እውነቱን እናገኛለን።

ባሌስትራ አስጨምር ያለህን ለጊዜው ተወው።

ሾፌር ዘበረሃ (ደጀን)

አያ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ዝቅ ያለው ቀኝ ፊት መሆኑን እያየን ነው። ዝቅ ያለውን ትቶ ሌላ ቦታ መፈለግ ለምን ያስፈልጋል?

አያ መፍቻ (ደብረ ማርቆስ)

ጥሩ ጠየቅህ። ሻንሲ ማለት አራት እግር ያለው ጠንካራ ሰሌዳ ነው። ወንበር አስብ። ከአራቱ እግሮች የኋላ ግራው ሲረዝም ወንበሩ ወዴት ይጋደላል? ወደ ፊት ቀኝ ነው። አንተ ዝቅ ያለውን ፊት ቀኝ ታያለህ፤ ችግሩ ግን በሰያፍ ማዶ ነው። መኪናም እንደዚሁ ታደርጋለች። ዝቅ ያለው ጥግ የታመመው ጥግ ነው ማለት አይቻልም።

የእነማይ ልጅ (ቢቸና)

አያ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያሉትን ሁሉ አድርጌያለሁ። ወፍጮ ቤቱ እሑድ ስለማይሠራ ወለሉን ለቀቁልኝ፤ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ራሱ ሜትሮውን በሌላው ጫፍ ያዘልኝ።

መጀመሪያ ንፋሱ። ጎሚስታው ትክክል ነው። ፊት ቀኝ 24 ነበር፣ ሌሎቹ 36። ሁሉንም 36 አደረግኳቸው። የፊቱ ልዩነት ከ5 ወደ 4 ሳንቲም ወረደ። ከቸርኬው መሃል እስከ መሬት ሦስቱ 35 ሲሆኑ ፊት ቀኝ 34.5 ነው። ጎማው ተላጭቷል። ስኮርታውን (መጠባበቂያ ጎማውን) አውጥቼ በቦታው አሰርኩት፤ አሁን አራቱም 35 ሆኑ።

ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎ፦ ፊት ግራ 49፣ ፊት ቀኝ 45.5። ኋላ ግራ 53፣ ኋላ ቀኝ 50.5። አዙሬ ስለካ ከ2 ሚሊ በላይ የተለወጠ የለም።

ሻንሲው ግን ግራ አጋባኝ። ፊት ላይ ግራ 43፣ ቀኝ 41.8። ልዩነቱ 1.2 ብቻ ነው። ኋላም ላይ 1.2 ነው። ፓራፋንጎው 3.5 እያለኝ ሻንሲው እንዴት 1.2 ይላል? በድጋሚ ለካሁ፣ ያው ነው።

ላሜሪስታ (ባሕር ዳር)

ይህን እኔ ልመልሰው፤ በየቀኑ የሚገጥመኝ ነገር ነው። ከአንዱ ፓራፋንጎ እስከ ሌላው ወደ 160 ሳንቲም ስፋት አለ። ሁለቱ የሻንሲ ብረቶች ግን በግምት 80 ሳንቲም ነው የሚራራቁት። መኪናው በአንድ ማዕዘን ሲጋደል ሰፊው ቦታ ላይ ልዩነቱ እጥፍ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የሻንሲው 1.2 ፓራፋንጎው ላይ 2.4 ነው የሚሆነው።

አሁን ቁጥሮችህን እያቸው። የኋላው ካሶኒ ልዩነት 2.5 ነው፤ ከሻንሲው ጋር ልክ ገጠመ። የፊቱ ግን 3.5 ነው። 2.4ቱ የሻንሲው ነው። የቀረው 1.1 ሳንቲም የጋቢናው ብቻ ነው። ማለትም ያንተ መኪና ሁለት ችግር አላት። አንዱ ከታች ነው፣ ሁለተኛው ጋቢናው የተቀመጠበት ጎሚኒ ነው። በቀኝ በኩል ተጨፍልቆ ወይም በስብሶ ይሆናል። የጋቢናውን ምንጣፍ አንስተህ ቡሎኖቹን እያቸው፤ ከታችም ገብተህ ጎሚኒውን በጣትህ ንካው።

ጎሚስታውም፣ አያም፣ አንተም በትክክል ስለለካችሁ ነው ይህ የተለየው። 5 ሳንቲም ብለን ብንቀጥል ኖሮ ባሌስትራ ላይ ጨምረን ጨምረን ሌላ ጠማማ መኪና እንሠራ ነበር።

ድንች ነጋዴዋ (ሰከላ)

ይቅርታ መሃል ገባሁ። የኔም መኪና ወደ ግራ ትጋደላለች፤ ግን ፊት ላይ ባሌስትራ የላትም። የሚትሱቢሺ ኤል 200 ናት፣ አሮጌዋ፣ ፎር ዊል። ረጅም ብረት ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ አላት። መካኒኩ «ቡሎኑን ብቻ ላዙርልሽ፣ ትነሣለች» አለኝ። ላስዙር?

አያ መፍቻ (ደብረ ማርቆስ)

እታለም፣ ያ ብረት ቶርሽን ይባላል። ሲጠመዘዝ ነው እንደ ባሌስትራ የሚሠራው። የኋላ ጫፉ ላይ ማስተካከያ ቡሎን አለው፤ ስታጠብቂው ያ ጎን ይነሣል። የመጀመሪያው ትውልድ አይሱዙ ዲማክስ ፎር ዊልም እንዲሁ ነው።

እንዲዞር አትፍቀጂ አልልም። ግን መጀመሪያ ኋላውን ይለኩልሽ። የኋላው ባሌስትራ ታሞ ፊቱ በቶርሽን ከተነሣ፣ ቆማ ስትታይ ቀጥ ያለች ትመስላለች፤ ክብደቷ ግን በሰያፍ ሁለት ጎማ ላይ ያርፋል። ፍሬን ስትይዢ ያን ጊዜ ታውቂዋለሽ። ኋላው ደህና ከሆነ ቡሎኑን ከመንካታቸው በፊት ጥርሱ ላይ በቀለም ምልክት ያድርጉ። ግማሽ ዙር ብቻ ያዙሩ። መኪናዋን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነድተሽ እንደገና ይለኩ። ሲጨርሱ አላይመንት ግድ ነው። ቁመቱ ሲለወጥ የጎማው አቋቋም አብሮ ይለወጣል፤ ካልተስተካከለ ጎማሽን በአንድ ጎኑ ይበላዋል።

ወደ ቢቸናው ልጅ ልመለስ። አሁን ፊት ነው ወይስ ኋላ የሚለውን እንለያለን። ያለ ገንዘብ፣ በአንድ ክሪክ። ግን በጥንቃቄ አንብበኝ።

የመኪናህ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማን ነው። የኋላውን ከመሬት ስታነሣ የእጅ ፍሬኑ ሥራ የለውም። ማርሽ ውስጥ ማስገባትም አያድንህም። ስለዚህ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በትልቅ ድንጋይ አስያዛቸው። ከሥር አትግባ። የምትለካው ከጎን ሆነህ ነው።

ክሪኩን ከኋላ ዲፍረንሻል (በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ድቡልቡል) መሃል ሥር አድርግ። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ከመሬት 2 ሳንቲም እስኪነሱ ብቻ አንሣ። አሁን የኋላው አክስል (ሁለቱን ጎማ የሚያያይዘው ብረት) በአንድ ነጥብ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እንደ ሚዛን ይወዛወዛል። ሻንሲውን ቀጥ አድርጎ መያዝ የሚችለው ፊቱ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ የፊት ሻንሲውን ለካ። ጋደል ማለቱ ከጠፋ በሽታው ኋላ ነው። ካልጠፋ ፊት ነው።

ከዚያ አውርደህ በፊቱ ድገመው። የፊቱን ስታነሣ ግን ዲፍረንሻሉ መሃል ላይ ስላልሆነ በሱ አትመራ። ከጎማ እስከ ጎማ ለክተህ የአክስሉን ትክክለኛ መሃል አግኝና እዚያ ክሪክ አድርግ። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስይዝ።

የእነማይ ልጅ (ቢቸና)

አያ፣ ተገርሜያለሁ።

ኋላውን ሳነሣ ፊቱ ቀጥ አለ! ሻንሲው ግራ 42.1፣ ቀኝ 42 ሆነ። ቀስ በቀስ ክሪኩን ስጫን ዓይኔ እያየ ነው የቀኝ ፓራፋንጎው ብድግ ያለው። አብሮኝ የነበረው ልጅ «ምን ነካህ?» አለኝ፣ ጮኬ ስለነበር። ፓራፋንጎው ላይ የቀረው ልዩነት 1.3 ሳንቲም ብቻ ነው፤ እሱም ላሜሪስታው ያለው የጋቢናው ነው ማለት ነው።

ፊቱን ሳነሣ ደግሞ የኋላ ሻንሲው ከ1.2 ወደ 2 ሳንቲም ጨመረ። ለምን ጨመረ?

አያ መፍቻ (ደብረ ማርቆስ)

የፊቱ ባሌስትራ እስካሁን ሲታገልልህ ስለነበር ነው። ኋላው ሊያጋድላት ይጎትታል፣ ፊቱ ይመልሳታል። ፊቱን ከሥራ ስታወጣው ኋላው ያለ ከልካይ የሚፈልገውን አደረገ። የፊት ባሌስትራህ ጤነኛ ነው ማለት ነው። እሱ ላይ ብረት አስጨምረህ ቢሆን ኖሮ ጤነኛውን ነበር የምታበላሸው።

አሁን ወደ ኋላ ባሌስትራ ሂድ። መኪናዋ በጎማዋ ትቁም። በየጎኑ ስንት ብረት እንዳለ ቁጠር። ውፍረታቸውን ለካ። ከባሌስትራው ፊተኛ ጫፍ ቀለበት እስከ ኋለኛው ጫፍ ቀለበት ሲባጎ ወጥረህ፣ ከሲባጎው መሃል እስከ ዋናው ብረት ያለውን ጥልቀት ለካ። ግራና ቀኝ አወዳድር። በሽቦ ብሩሽ ጭቃውን አራግፍ፤ በተለይ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ዩ ቦልቱ አካባቢ። ባሌስትራ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው የመሃል ቡሎን በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ነው፤ ዩ ቦልቱ ይሸፍነዋል። ከፊት ቸርኬ መሃል እስከ ኋላ ቸርኬ መሃልም በሁለቱም ጎን ለካ። በአንዱ በኩል ካጠረ የመሃል ቡሎኑ ተበጥሶ አክስሉ ሸሽቷል።

ጎሚስታው (ዳንግላ)

የመጨረሻዋን ልኬት እንዳትዘላት። አክስል የሸሸበት መኪና ቀጥ ብሎ እየሄደ መስሎህ ጎንዮሽ ነው የሚሄደው። ጎማ የሚጨርሰው እሱ ነው።

የእነማይ ልጅ (ቢቸና)

አገኘሁት መሰለኝ።

ሁለቱም ጎን ከቸርኬ እስከ ቸርኬ እኩል ነው። ስንጥቅ አላየሁም። ነገር ግን ቀኙ 6 ብረት ነው፤ ግራው 7! በግራው ሦስተኛው ብረት ከሌሎቹ ይለያል። የሌሎቹ ውፍረት 7 ሚሊ ነው፣ የሱ 8። ጫፉ እንደ ሌሎቹ አልተጠጋጋም፤ በእሳት የተቆረጠ መሆኑ ያስታውቃል፣ የቀለጠው ብረት እንደ እንባ ወርዶ ደርቋል። ሲባጎው ላይ ግራ 7.5 ሳንቲም፣ ቀኝ 5.8።

ይህን ሳይ ትዝ አለኝ። የዛሬ 3 ዓመት ከሞጣ ጭኜ ስመለስ የግራ ኋላ ዋናው ብረት ተሰብሮብኝ ነበር። በአቅራቢያው ያገኘሁት ጋራዥ አስገባሁ። «ከድሮው ይበልጥ አጠንክሬልሃለሁ» ነበር ያለኝ። እኔም አመስግኜ ነው የወጣሁት። ያኔ ቀኙ ገና ደህና ስለነበር ብዙም አላስታወቀም። ቀስ በቀስ ቀኙ እየደከመ ሲሄድ ነው ልዩነቱ የወጣው።

ስለዚህ ዝቅ ያለው ቀኝ ፊት፣ ምክንያቱ ግራ ኋላ። አያ የወንበሩን ነገር ሲሉ አልገባኝም ነበር።

ሾፌር ዘበረሃ (ደጀን)

አያ፣ ተሳስቼ ነበር። እቀበላለሁ። ሰው ገንዘቡን እንዲያወጣ ያለ ልኬት መናገሬ አላስደሰተኝም።

አሁን ግን መፍትሔው ቀላል አይደለም? ቀኙም ላይ አንድ ባለ 8 ሚሊ ብረት ይጨመር። እኩል ይሆናሉ። ጤፍ ለሚጭን ሰው መጠንከሩ ጥቅም ነው።

አያ መፍቻ (ደብረ ማርቆስ)

ሰው ሲሳሳት ተሳሳትኩ ማለቱ ትልቅ ነገር ነው፤ አከበርኩህ።

በመፍትሔው ግን አልስማማም። አንደኛ፣ አሮጌና ደካማ ባሌስትራ ላይ አዲስ ብረት ሲጨመር አብዛኛውን ሸክም አዲሱ ይወስደዋል። ብዙም ሳይቆይ ወይ እሱ ይሰበራል ወይ ዋናውን ይሰብረዋል። ሁለተኛ፣ በቀኝና በግራ ያሉት አሮጌ ብረቶች አንድ ዓይነት ድካም የላቸውም፤ ዛሬ እኩል ቢሆኑ ነገ አይሆኑም። ሦስተኛው ያስጨንቀኛል። ባሌስትራው ከልክ በላይ ሲደርቅ መንገዱ የሚሰጠውን ምት ሻንሲው ይቀበለዋል። ሃይሉክስ ሻንሲዋ የሚሰነጠቀው ባሌስትራው በሚታሰርበት አካባቢ ነው።

ልጄ፣ ስንት ኩንታል ነው የምትጭነው?

የእነማይ ልጅ (ቢቸና)

ብዙ ጊዜ 8። በአዝመራ ጊዜ 10 ጭኜ አውቃለሁ። ከኔ ጋር አራት ሰው ይኖራል።

አያ መፍቻ (ደብረ ማርቆስ)

10 ኩንታል 1000 ኪሎ ነው። አራት ሰው ሲጨመርበት ወደ 1300 ይጠጋል። ደብል ጋቢና ለዚህ አልተሠራችም። ባሌስትራ ብትቀይርም ይህን ካልቀነስክ እንደገና እንገናኛለን። እንደ አባት ነው የምነግርህ።

ላሜሪስታ (ባሕር ዳር)

አያ ያሉትን ሰምቼ ፈራሁ። ወንድሜ፣ የግራ ኋላ ባሌስትራ ፊተኛው ጫፍ ሻንሲው ላይ የታሰረበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ አጽዳና በናፍጣ አርጥበው። ከዚያ በጨርቅ ጠርገህ በጠመኔ ዱቄት አብሰው። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ናፍጣ ወደ ላይ ይወጣና ጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ይሠራል።

የእነማይ ልጅ (ቢቸና)

አለ። የ3 ሳንቲም መስመር። ከማሰሪያው በላይ፣ በግራ በኩል ብቻ። ቀኙ ንጹሕ ነው። ልቤ ስንጥቅ ነው ያለው። ልጆቼን ይዤባት የምሄድ መኪና ናት።

ላሜሪስታ (ባሕር ዳር)

አይዞህ፣ በጊዜ ነው ያየኸው። አትጭንባት። በያጅ ዘንድ ስትሄድ ይህን አሳስበው። ከስንጥቁ ጫፍ ላይ መጀመሪያ ትንሽ ቀዳዳ ይብሳ፤ ስንጥቁ ከዚያ እንዳያልፍ ነው። ከዚያ መስመሩን ቦይ አድርጎ ሞርዶ ይበይደው። ከላይ ለጥፎ ብቻ ከለቀቀው ከሥር መሰንጠቁን ይቀጥላል። ማጠናከሪያ ላሜራ ካደረገበት ጫፎቹን ሰያፍ ይቁረጣቸው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የወጣ ብየዳ ራሱ አዲስ መሰንጠቂያ ይሆናል። ከመጀመሩ በፊት የባትሪውን ገመድ ይፍታ።

ባሌስትራውን ግን ማንም እንዳይበይደው። ባሌስትራ ጥንካሬውን ያገኘው በተለየ እሳትና ማቀዝቀዝ ነው። ብየዳ ሲነካው ያ ይጠፋል። የተሰበረው ብረት ቁም ነገሩ ለአንጥረኛ ነው፤ ማረሻና መጥረቢያ ሆኖ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል።

ድንች ነጋዴዋ (ሰከላ)

አያ፣ የኔን ኋላ አስለካሁት። እኩል ነው። ቶርሽኑን ግማሽ ዙር አዙረው ተስተካከለች። አላይመንትም አሠራሁ። እግዜር ያክብርልኝ።

አያ መፍቻ (ደብረ ማርቆስ)

ደስ ብሎኛል እታለም።

የቢቸናው ልጅ፣ ባሌስትራውን በተመለከተ ሁለቱንም የኋላ በአንድ ላይ ቀይር። ከአንድ መኪና የወረደ ጥንድ ፈልግ። ስትገዛ ሁለቱን ጎን ለጎን መሬት ላይ አቁማቸውና የብረቱን ቁጥርና ጥምዝ አወዳድር። የደከመ ባሌስትራ እየቀጠቀጡ የሚያጎብጡ አሉ፤ በቀዝቃዛው የተመታ ጥቂት ጊዜ ቆይቶ ይመለሳል። ያገኘኸው ጥንድ እንዲህ ከሆነ ተወው።

ዩ ቦልቱን አዲስ አድርግ፤ አሮጌው ተስቧል። የመሃል ቡሎኑንና የቀለበቱን ጎሚኒዎችም እንደዚሁ። እና ይህን አደራ። የቀለበቱን ቡሎኖች መኪናዋ በክሪክ ላይ ተንጠልጥላ እያለች አታጥብቃቸው። ዳዶውን በእጅህ ብቻ አስይዘህ አውርዳት፤ በጎማዋ ትቁም፤ ነቅንቃት፤ ከዚያ አጥብቅ። በአየር ላይ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል። አንዱን ጎን ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ እሱም ቶሎ ይቀደዳል። ባሌስትራ ተቀይሮ «አሁንም ትጋደላለች» የሚሉኝ ሰዎች ግማሾቹ ችግራቸው ይኸው ነው።

የእነማይ ልጅ (ቢቸና)

ከ2 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ይቅርታ፣ ጥንዱን ፍለጋ ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ ነበር። ላሜሪስታው አብሮኝ ዞሮ አገኘልኝ፤ ቀን ሙሉ ሥራውን ትቶ ነው። ሁለቱን ባሌስትራ አቁመን ሲባጎ ወጠርንባቸው፤ ልዩነታቸው 3 ሚሊ ብቻ ነው። ከፍ የሚለውን በሾፌር በኩል አድርገነዋል፤ ብዙ ጊዜ ብቻዬን ስለምነዳ።

ስንጥቁ ተበይዷል። በያጁ ቀዳዳ ይብሳ ስለው ቀና ብሎ አይቶኝ «ማን ነገረህ?» አለኝ፤ ከዚያ በደንብ ሠራው። የጋቢናው የቀኝ ፊት ጎሚኒ ከሥር በስብሶ እንደ ቂጣ ጠፍጥፏል። አራቱንም ቀየርኩ።

የመጨረሻው ልኬት፣ በዚያው ወፍጮ ቤት ወለል፦ ሻንሲው ፊት 0.1፣ ኋላ 0.1 ሳንቲም ልዩነት። ከጎሚኒው በፊት የፊት ፓራፋንጎ 1.2 ነበር፤ ከጎሚኒው በኋላ 0.3 ሆነ።

አባቴ ዱላቸውን ተደግፈው መጥተው ከፊቷ ቆሙ። ዓይናቸው ብዙም አያይም። በእጃቸው የግራውን ፓራፋንጎ ዳሰሱ፣ ዞረው የቀኙን ዳሰሱ። «ልክ ናት» አሉ።

ከ7 ኩንታል በላይ አልጭንም ብያለሁ፤ አያ፣ ቃል ነው።

አያ መፍቻ (ደብረ ማርቆስ)

አባትህን ሰላም በልልኝ። ዩ ቦልቶቹን 500 ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላ እንደገና አጥብቃቸው። አዲስ የገባ ባሌስትራ ይቀመጣል፣ ዳዶው ይላላል።

የእነማይ ልጅ (ቢቸና)

ዛሬ ጠዋት አጠበቅኳቸው። የግራዎቹ ሩብ ዙር ወሰዱ። የቀኞቹ ምንም አልወሰዱም።